የሊቀ መንበሩ ሁለተኛ ዓይን እንዴት እንደ ተገኘ

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ አንድ ዓመት፣ በማቴዎስ ወንጌላዊ ዘመን፣ ሚሌኒየሙ ተከብሮ ፊኛው ሁሉ በፈነዳ በማግስቱ ዓመት፣ የሰንበሌጥ አፋፍ ቀበሌ አዳራሽ ቆርቆሮ በለበሰ በስድስተኛው፣ አቶ አረጋ ሊቀ መንበር ተብለው ወንበራቸውን ወደ መስኮት ባዞሩ በአራተኛው ዓመት፣ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ፣ የድሃ ወዳጅ፣ የስብሰባ ጠላት፣ ሥዩመ ካሴት አዝመራው ወልደ ጽጌማርያም ዘላስታ፣ በጥር ሃያ ቀን ረቡዕ በሦስት ሰዓት ካሜራውን በትከሻው አነሣ። ካሜራው ሲነሣ ከበስተኋላው አንድ ብሎን ወደቀ፤ እርሱ ግን ወደ ኋላ አልተመለከተም።

ይህን ዜና የምጽፍ እኔ ደሳለ ነኝ፤ በቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆሎ የለመንሁ፣ በኋላም የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ የተሾምሁ። የነገሥታት ጸሐፊዎች ያዩትን ጦርነት ጻፉ፤ እኔ ግን ሰው ሲያንቀላፋና ሲጨቃጨቅ በዋለበት ጉባኤ ሁሉ «ስብሰባው በደመቀ ሁኔታ ተጠናቀቀ» እያልሁ መቶ አርባ ጊዜ ጻፍሁ። በመቶ አርባ አንደኛው እጄ አፈረ። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ የሆነውን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

የአዝመራው ትውልድ እንዲህ ነው። አባቱ መሪጌታ ጽጌማርያም በላስታ የገጠር ደብሮች ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ሲሞቱም ጣታቸው ቢጫ ቀለም የነበረ ሠዓሊ ነበሩ። ልጃቸው ቀለም እየበጠበጠ አደገ እንጂ የፊልም ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። ካሜራውንም አንድ ጀርመናዊ ቱሪስት በላሊበላ «ከእንግዲህ አይሠራም» ብሎ ሲጥለው አንሥቶ፣ በፕላስተር አስሮ፣ ለጋሸና ሬዲዮ ጠጋኝ አሳይቶ፣ እንደ አልዓዛር ከሞት አስነሣው።

ሥራዎቹም የታወቁ ናቸው። ፊተኛው «ጠቅላላ ጉባኤ» ይባላል፤ አንድ በሬ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲያመነዥክ ያሳያል፤ ሌላ ነገር የለበትም። ሁለተኛው በአንድ ባለጸጋ ሰርግ ላይ ሆነ፤ ሙሽራው ሙሽራይቱን ይዞ ከደጅ ሲወጣ በሚታይበት፣ እልልታው በሚቀልጥበት ቦታ ላይ፣ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ጠብታ ውሃ ያልወጣውን የቀበሌውን ቦኖ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሰንቅሮ አስገባ። የሙሽራው አባት ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ቪዲዮውን ባየ ጊዜ «ልጄን ከቦኖ ጋር ነው ያጋባኸው?» የሚል አዋጅ አውጆ፣ አዝመራውን በሽመል እስከ ወንዙ ድረስ አሳደደው። ይህም በዜና መዋዕላችን ዘመቻ ቦኖ ይባላል። ድሉ የማን እንደ ሆነ አይጠየቅም፤ አዝመራው ግን ያልተደበደቡበት ፊልም ፊልም አይደለም ብሎ ለወዳጆቹ ሁሉ አስተማረ።

በውእቱ መዋዕል በቀበሌው ስሜነሽ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ለሴፍቲኔት ሥራ የእርከን ድንጋይ ትሸከምና በየወሩ ለነፍስ አሥራ አምስት ኪሎ ስንዴ ትወስድ ነበር። በኅዳር ወር ስለ ሞዴል አርሶ አደር ታላቅ ስብሰባ ተጠርቶ ሳለ ላሟ ምጥ ይዟት በኋላ በር ሾልካ ወጣች። ላሚቱም በሰላም ወለደች። ጉባኤው ይህን ሰምቶ፣ ስብሰባ ጥላ መውጣቷንም በልቡ ይዞ፣ «ስሜነሽ የላምና የጥጃ ባለቤት ሆናለችና ከድህነት ተመርቃለች» አለና ስሟ ከሴፍቲኔቱ መዝገብ ተሰረዘ። ጥጃዋ በስምንተኛው ቀን ሞተች፤ ምረቃው ግን አልሞተም። አዲስ አበባ የሚመረቅ ጥቁር ካባ ለብሶ ፎቶ ይነሣል፤ እርሷ ግን ባዶ ስልቻዋን አጣጥፋ ቤቷ ገባች።

ሰባት ጊዜም አቤት አለች። የአቶ አረጋ ልማድ ግን ይህ ነበር፦ አቤት ባይ ሲገባ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና ባሕር ዛፉን እየተመለከቱ «ቀጥል» ይላሉ፤ አቤት ባዩ ሲጨርስም «እናያለን» ይላሉ። የሚያዩት ባሕር ዛፉን ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጅ ሳሉ ከብት አብረን ጠብቀናል። ፊቱን ያዩትን ሰው እምቢ ማለት እንደሚከብድ ስለሚያውቁ ነው፤ ይህን እኔ በአጠገባቸው ተቀምጬ ስጽፍ አራት ዓመት አይቻለሁ። ስሜነሽ ሰባት ጊዜ ለጆሯቸው ተናግራ ሰባት ጊዜ ተመለሰች።

ወእምዝ፣ የወረዳው ገምጋሚ ቡድን ለሞዴል ቀበሌ ውድድር እንደሚመጣ በተሰማ ጊዜ፣ ሊቀ መንበሩ አዝመራውን አስጠርተው እንዲህ የሚል አዋጅ ነገሩት፦ «የልማት ፊልም ትሠራለህ። እርከኑን ታሳያለህ፣ እኔንም በሥራ ላይ እንዳለሁ ታሳያለህ። የአመለካከት ችግር እንዳይገባበት አቅጣጫ አስቀምጫለሁ።» አዝመራውም እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ውጭ እንደ ወጣ በደስታ ሦስት ጊዜ ዘለለ፤ እኔ በዚያው በሊቀ መንበሩ መስኮት አየሁት።

ሠራዊቱም እንዲህ ተሰለፈ። በቀኝ የጄኔሬተር ባለቤት፣ የአይሱዙ ጌታ፣ ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በስሙ የሚጠራው ሾፌር አብዱልሀሚድ ነበረ። በግራ ጠመንጃውን ካስረከበ ወዲህ ትከሻው ሥራ የፈታበት፣ አሁን የፀሐይ ብርሃን የምትመልስ የቆርቆሮ ቁራጭ እንደ ጋሻ የተሸከመ፣ ምስክር የሚባል የቀድሞ ሚሊሻ ነበረ። ከኋላ ሥራ ያልነበረው ሰው ሁሉ፣ ሥራ ያለውም ጥቂት፣ አንድም የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ውሻ ተከተለ። ስንቃቸው የሽምብራ ቆሎ ነበረ፤ እርሱም በሁለተኛው ቀን አለቀ።

ዘጠኝ ቀን ዘመቱ። አዝመራው በእርከኑ ላይ ድንጋይ የሚሸከሙትን ገበሬዎች አንድ በአንድ ከፊት ለፊት አቁሞ በሁለት ዓይናቸው ቀረጻቸው። ወደ ቢሮው በገባ ጊዜ ግን አቤት ባይ በሚቆምበት ቦታ፣ ወለሉ በእግር ብዛት በጎደጎደበት ላይ ቆመ። ሊቀ መንበሩ ጠጉራቸውን አበጥረው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዘጠኝ አቤት ባዮች ገቡ፤ ዘጠኝ ጊዜ የአቶ አረጋ ጉንጭ፣ የአቶ አረጋ ጆሮ፣ የአቶ አረጋ አንድ ዓይን ተቀረጸ። ተንኮል አልተሠራም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ይህንኑ ነበር።

ላስታ ያልተወለደ ሰው ይህን ለምን ትጽፋለህ ይለኝ ይሆናል። በደብሮቻችን ግድግዳ ጻድቅ ከፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ይሁዳና አርዮስ፣ ሰይጣንም ከነጭፍሮቹ፣ ጎናቸውን ሰጥተው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ጡት ሳይጥል ያውቀዋል። ዓይኑን የተፋቀ ሰይጣን በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን የሚታየውም ምእመናን በጥፍርም በቁልፍም እየቧጨሩ ስለሚያጠፉት ነው።

የካቲት አንድ ቀን እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሕዝቡ አዳራሹን ሞላ። መስኮቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ ተደፈኑ። ወረዳው ስለ ኤች አይ ቪ ማስተማሪያ ያለውን ፕሮጀክተር ላከ፤ አብዱልሀሚድ ጄኔሬተሩን ቀሰቀሰ፤ ስሜነሽም ያላትን አንድ ነጭ ጋቢ አበደረችና በግድግዳው ተዘረጋ። ገምጋሚዎቹ ሁለት ነበሩ፤ በፊት ወንበር ከአቶ አረጋ ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

በመጀመሪያ ገበሬዎቹ ታዩ፤ እያንዳንዱ ራሱን ባየ ጊዜ እልል ተባለ። ቀጥሎ ሊቀ መንበሩ በአንድ ዓይናቸው ጋቢውን ሞልተው ታዩ። እልልታው ቆመ። ሁለተኛ አቤት ባይ ገባ፣ ሦስተኛ ገባ፣ ያ አንድ ዓይን ባሕር ዛፉን ከማየት አልተነቀነቀም። ከወንዶቹ አንዱ አማተበ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውም አማተበ። በዚያ ጸጥታ መካከል እማሆይ አመተ ሥላሴ፣ ፊልም የሚባል ነገር በዕድሜያቸው አይተው የማያውቁ፣ ከሰማንያ ክረምት በላይ የጾሙ መነኩሲት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና እንዲህ ብለው አወጁ፦ «በስመ ሥላሴ! ይኼ ጎኑን የሰጠን ይሁዳ ነው ወይስ የጎረቤታችን አረጋ?» መልስም ሳይጠብቁ ወደ ጋቢው ቀርበው፣ አስተካክለው፣ መቋሚያቸውን በዓይኑ መካከል ሰኩበት። ጋቢው ጠረረ ብሎ ተቀደደ።

ሳቁ ቆርቆሮውን በረዶ የመታው አስመሰለው። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ማስታወሻ የሚጽፍ መስሎ አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ አረጋ ተነሥተው «ጄኔሬተሩ ይጥፋ! ይህ የጸረ ልማት ኃይሎች ተልእኮ ነው! ካሴቱ ይወረስ!» ብለው አወጁ። አዝመራው የነበረው ካሴት እርሱ አንዱ ብቻ ነበረ፤ ሰርጉንም አብዮቱንም በዚያው ላይ እየደረበ ይቀርጽ ነበር። ካሴቱ በቢሮው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈ፤ ቁልፉም በአቶ አረጋ አንገት ተንጠለጠለ። አዝመራው ግን በሁለት ሚሊሻ ተይዞ ከአዳራሹ ሲባረር ሙሽራ ይመስል ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሊቀ መንበሩ ጎናቸውን ፈሩ። በገበያ ሲያልፉ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው በአግድም ይሄዱ ጀመር፤ ሁለት ጊዜም በሽንኩርት ላይ ወደቁ። በማኅበር ጽዋ ከጎናቸው የሚቀመጥ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ እያሳበበ ከፊት ለፊታቸው ይጨናነቃል። እማሆይ አመተ ሥላሴም በደረሱበት ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሁለተኛው ዓይን መኖሩን ያጣራሉ። በሦስተኛው ሳምንት አቶ አረጋ አላስችል ብሏቸው አዋጅ አወጡ፦ «አዝመራው እስከ ሐሙስ ድረስ እኔን ከፊት ለፊት፣ በሁለቱም ዓይኔ ይቅረጸኝ፤ ሕዝቡም ይየው። እምቢ ካለ ካሜራው ይወረስ፤ እርሱም ከነጉዳዩ ወደ ወረዳ ይተላለፍ።»

አዝመራውም ይህን ሰምቶ ሠራዊቱን በአብዱልሀሚድ መኪና ጥላ ሥር ሰበሰበና በታላቅ ድምፅ አወጀ፦ «ይሁዳን በሁለት ዓይን የሣለ የጽጌማርያም ልጅ አይባልም! እስር ቤት እገባለሁ! ካሜራዬም ይወረስ፣ ስሜ ይቀራል!» ምስክር ቆርቆሮውን መታ፤ አብዱልሀሚድ ክላክሱን ነፋ። እኔም በምስጢር መጥቼ ነበርና፣ እውነት ለመናገር፣ ዕንባዬ መጣ።

በዚህ መካከል ስሜነሽ የተቀደደ ጋቢዋን ልትጠይቅ መጣች፤ አዋጁንም ቆማ ሰማች። ከሰማችም በኋላ የራሷን አዋጅ ነገረች፦ «ወንድምዓለም፣ አንተ ብትታሰር መንግሥት ያበላሃል። እኔን ማን ያበላኛል? ፊልምህን አየሁት፤ ሳቅሁም፣ አልዋሽህም። ቤቴ ስገባ ልጆቼ እንደራባቸው ነው ያገኘኋቸው። ጋቢዬንም ቀደዳችሁት፣ ብርድ ነው አሁን የምንለብሰው። የስንዴው ዝርዝር ሐሙስ ይዘጋል። ሰውየው ልታይ ካለ ይታይ እንጂ፣ ምን ቸገረህ! ያን ዕቃህን በእኔ ትከሻ ላይ ደግነው፤ አንተን አያለሁ ሲል እኔን ይይ!»

አዝመራው ሰባት ዓመት ሙሉ ካሜራ ተሸክሞ እንዲህ ያለ ዳይሬክተር አልገጠመውም ነበር። ጥቂት ተከራከረ፤ ስለ ኪነ ጥበብ ነጻነትም አንድ ነገር ሊል ጀምሮ ነበር፤ ስሜነሽ ግን ጋቢዋን አጣጥፋ በክንዷ ይዛ እየጠበቀች ነበርና ተወው።

የካቲት ሃያ ስድስት ቀን ሐሙስ፣ በዐቢይ ጾም፣ በአራት ሰዓት ወደ ቢሮው ገባን። ስሜነሽ በጎደጎደው ወለል ላይ ቆመች። አዝመራው ከኋላዋ በርጩማ ላይ ወጥቶ ካሜራውን ከቀኝ ትከሻዋ በላይ ደገነ። ምስክር ብርሃኑን በሊቀ መንበሩ ፊት ላይ መለሰ። አዝመራውም እንዲህ የሚል አዋጅ ነገረ፦ «ጌታዬ፣ ዓይንዎ ከካሜራው ከተነቀለ ጎንዎ ይወጣል።» አቶ አረጋም ወንበራቸውን ከመስኮቱ ነቅለው፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አቤት ባይ ወደሚቆምበት አዞሩት። ወንበሩ ዝጎ ነበርና ጮኸ።

ካሜራውን ያዩ ጀመር። ነገር ግን በካሜራውና በስሜነሽ ፊት መካከል ያለው ከስንዝር አይበልጥም ነበረ፤ ስንዝር ደግሞ ለዓይን ምንም አይደለችም። ዓይናቸው ወረደ። እርሷም አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ሰባት ጊዜ ለጆሯቸው የነገረችውን ስምንተኛ ጊዜ ለዓይናቸው ነገረች፦ «ላሜ ወለደችና ተመረቅሽ ተባልሁ። ጥጃዋ በስምንተኛው ቀን ሞተች። ላሚቱም ወተቷ ነጠፈ። ልጆቼ ሁለት ናቸው፤ ታናሺቱ ከቆመች ትወድቃለች። እርስዎ ያውቁኛል፣ የአዳም ሚስት ነኝ።» አዳም ማለት ከእኔና ከአቶ አረጋ ጋር ከብት የጠበቀ ሰው ነበረ።

ሊቀ መንበሩ ከዙፋናቸው ላይ ሆነው በዘመነ ሥልጣናቸው የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቁ። የጠየቁት ስለ አመለካከት አልነበረም፤ ጥጃዋ በምን እንደ ሞተች ነው። በብርድ ተባሉ። በኅዳር የተወለደ ጥጃ ከምድጃ አጠገብ ማደር ነበረበት አሉ፤ የገበሬ ልጅ ናቸውና። ምድጃው ባለበት በኩል የቤቱ ክዳን እንደ ፈረሰና ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚከድን እንዳልተገኘ ተነገራቸው። ፊታቸው ቀላ፤ ብርሃኑ ነው እንዳይባል ምስክር ቆርቆሮውን ዝቅ አድርጎ ነበር። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ዓይናቸውን ከእርሷ ሳይነቅሉ፣ «ደሳለ፣ መዝገቡን አምጣ» ብለው አወጁ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ ራሱ አንድ ነገር መናገር አለበት። ከዚህ በላይ ስሟ «ተሰረዘ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ማን እንደ ሰረዘው ግን አልጻፍሁም፤ የቃለ ጉባኤ ሰው ልማዱ እንዲህ ነው። የሰረዝሁት እኔ ነኝ። በማስመሪያ አስተካክዬ፣ መስመሩ እንዳይጎብጥ ተጠንቅቄ ሰረዝሁት፤ ጥጃዋ በሞተች ጊዜም ሰምቼ ዝም አልሁ፤ አዳምም የልጅነት ጓደኛዬ ነበረ። በዚያች ሐሙስ «ስሜነሽ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር» ብዬ ያለ ማስመሪያ ስለ ጻፍሁ መስመሩ ጎበጠ። አቶ አረጋ ክቡን ማኅተም መቱበት፤ ዝርዝሩም በዚያው ቀን በአብዱልሀሚድ መኪና ወደ ወረዳ ሄደ።

በእሑዱ ሊቀ መንበሩ አዲሱን ፊልም ሊያዩ ደስ ብሏቸው አዝመራውን አስጠሩት። እርሱም ካሜራውን ከፍቶ፣ ካሴት የሚገባበትን ባዶ ጉድጓድ እያሳየ፣ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ጌታዬ፣ ካሜራ ያለ ካሴት አያስታውስም። ካሴቴ እርስዎ በቆለፉበት ሣጥን ውስጥ አለ፤ ቁልፉም በአንገትዎ ላይ ነው።» አቶ አረጋ በልማድ ወደ መስኮቱ መዞር ጀምረው ነበር፤ ከመካከል ቆመው ተመለሱና አዝመራውን አዩት፣ እኔንም አዩኝ፤ እንዲህም አሉ፦ «ይህ ነገር በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ።» እነሆ፣ በቃለ ጉባኤ አልገባም።

አዝመራውም እጅግ አዘነ። ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠው፣ በድንጋይ የማይበገረውን ቢሮ ያስደነገጠው ፊልም በምድር ላይ የለም፤ አላሳየም፣ አልተደበደበበትም፣ አልታሰረበትም። ለብዙ ቀን አኮረፈ። በመጋቢት ስንዴው በመጣ ጊዜ ስሜነሽ ትኩስ ዳቦ በቅጠል ጠቅልላ ለሠራዊቱ ሁሉ ላከች፤ እርሱም እያጉረመረመ በላ፤ ጨው ያንሰዋል አለ፤ የቀረችውንም ቁራሽ አነሣት። እኔም በላሁ። ከመብላቴ በፊት ግን እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብሁ፤ ዳቦው በእጄ ከሰረዝኋት ሴት ቤት የመጣ ነውና።

ኦ አዝመራው፣ ወልደ ጽጌማርያም! የበሬ አመንዣኪነትን ለትውልድ ያቆየህ፣ ቦኖን የዳርህ፣ በሽመል የተቀደስህ፣ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ቆመህ የታገልህ! ስምህ ከላስታ ተራራ በላይ ይሁን፤ ብሎንህም ይገኝ፤ እማሆይ አመተ ሥላሴ ይጸልዩልህ፤ መቋሚያቸው ግን ይራቅህ። ሌሎች ጀግኖች በነጋሪት ወጥተው አገር አቀኑ ተብሎ ተጻፈላቸው። አንተ በባዶ ካሜራ የአንድ ሊቀ መንበር አንገት አቀናህ፤ ስሜነሽም ከነልጆቿ በላች።